የአዋሽ አርባ የረፋድ ማዕድ

የረፋድ ማዕድ በአዋሽ ሸለቆ የመንገድ ዳር ከተሞች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በተራ ምግብ ቤት የሚበላ፣ ለቁርስ የዘገየ፣ ለምሳ ደግሞ የቀደመ ምግብ ነው። ፉል፣ እንቁላል፣ ፍርፍር፣ ፈጢራ፣ ሲገኝ የፍየል ጥብስ፣ ከዚያም ሻይና ቡና ይቀርብበታል። በዓል አይጠብቅም፤ ጠሪና ተጠሪም የለውም። የራበው ሰው ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ያዝዛል፣ በልቶ ይሄዳል። በአዋሽ አርባና በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ ከቀኑ ምግቦች ሁሉ ብዙ ዓይነት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጠው ይህ ማዕድ ነው።

ሰዓቱን በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎና አዋሽ አርባ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞሉም፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ትገኛለች። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት በታችኛው ሸለቆ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። ግንበኛው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ፍየሎቹን ወደ ገበያ የሚነዳው አርብቶ አደር፣ ሱቅ ከፋቹ በባዶ ሆድ ወይም በአንድ ብርጭቆ ሻይ ከቤት ይወጣሉ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ዋናውን ሥራ ጨርሰው ጥላ ፍለጋ ሲመለሱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ በዚያ ንዳድ ከባድ ምግብ የሚያምረው ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ረፋድ ላይ ጠገብ አድርገው በልተው ፀሐይ እስክትበርድ ይዘልቁበታል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአሰበ ተፈሪ በኩል ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሽቅብ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጋላፊ ላይ ወዳለው የጅቡቲ ድንበር ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ መኪና እስከ አዳማ ያለውን 85 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ከአዳማ ወዲህ ግን ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋ አዋሽ ሲደርስ ረፋዱ ገብቷል። ሚሌ አድሮ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞተር ያስነሳ የጅቡቲ መስመር ሹፌርም ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚደርሰው በዚያው ገደማ ነው። ሁለቱም ሩቅ መጥተዋል፣ ሁለቱም አልበሉም፤ የአዋሽ አርባ ምግብ ቤት ረፋድ ላይ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መስመር እንዲህ የተጨናነቀው ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ ቀድሞ ከሚሌ በላይ ወደ አሰብ ይታጠፍ የነበረው ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዛሬም የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ ነዳጅ የያዘ ቦቴ፣ ማዳበሪያና ስንዴ የሚያመላልስ ከባድ መኪና በቀንና በሌሊት በአዋሽ አርባ ደጃፍ ያልፋል። በከተማዋ የመከላከያ ማሠልጠኛ ካምፕ ስላለ ፈቃድ የወጣ ወታደርና ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅም በየምግብ ቤቱ አይጠፋም።

ዘግይቶ መብላት በሌላው ዓለምም ወግ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ያመሸ ሰው እሑድ ማለዳ እንዲነሳ ከማስገደድ ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ ረፋድ ላይ ቢበላ ይሻላል ሲል በአንድ መጽሔት ላይ ተከራክሮ ነበር። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችም እሑድ ጠዋት የሚዘረጋው ቡፌ የዚያ ልማድ ዘር ነው። የአዋሽ አርባው ግን ከዕረፍት አልተወለደም። የሚበሉት ሰዎች አርፍደው የተነሱ ሳይሆኑ ከሁሉም ቀድመው የተነሱ ናቸው፤ የሚመሳሰሉት ሰዓቱና የእንቁላሉ ብዛት ብቻ ነው።

በአዋሽ መንገደኛን ማብላት ከመኪና በፊት በባቡር ዘመን የተጀመረ ሥራ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማው ይገባል። ለዚህ ሲባል በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ አጠገብ ማደሪያና መመገቢያ ያለው ቤት ተሠራ። ቡፌ ዳዋሽ እየተባለ የሚታወቀው ይህ ሆቴል በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ዛፍና አበባ የሞላው ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ያስተዳደሩትም ግሪካዊት ነበሩ። የባቡሩ ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ ዲፕሎማቱ፣ ኮንትሮባንድ የያዘችው ሴት ሳይቀሩ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ያልፉበት ነበር። ሁሉም ግን እዚያ ቤት አይበሉም፤ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ከመስኮቱ ሥር ከሚቆሙ ሴቶችና ልጆች የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ ይገዛል። የዛሬው የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ከነጭ ጨርቁ ጠረጴዛ ይልቅ ለእነዚህ ሻጮች ይቀርባል።

አሮጌው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በዚህ በኩል ማገልገሉን አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዋሽ ቢያልፍም፣ ተሳፋሪውን ከተማ መሃል አውርዶ አያበላም። መንገደኛን የመመገቡ ሥራ ሙሉ በሙሉ ወደ አስፋልቱ ዳር ተሻግሯል።

እነዚህ ምግብ ቤቶች ለዓይን የሚይዙ አይደሉም። አብዛኞቹ ባለ አንድ ፎቅ እንኳ አይደሉም፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት በሸራ ወይም በሰሌን የተሠራ ዳስ አላቸው። ከዳሱ ሥር የላስቲክ ወንበርና በፕላስቲክ የተለበጠ ጠረጴዛ ይደረደራል። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ወንበሩን ወደ ውጭ ያወጣል። በር አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ወይም ጀሪካን ከነሳሙናው ይቀመጣል፤ ገቢው ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚታጠበው እዚያ ነው። ማብሰያው ከኋላ ሲሆን፣ የፉሉ ድስትና የፈጢራው ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ ደጅ ላይ ይጣዳሉ። ይህ የቦታ ጥበት ብቻ ያመጣው አይደለም። ከመኪና ሳይወርድ ድስቱ ሲንፈቀፈቅ ያየ ሹፌር ፍሬን ይይዛል። በሁሉም ቤት ሜኑ አይገኝም፤ ያለውን በቃል የሚቆጥሩት አስተናጋጆቹ ናቸው። ባለቤቶቹና ሠራተኞቹ ከአካባቢው ሰው ሌላ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሐረርጌ የመጡ ሲሆኑ፣ ወጥ ቤቱን የሚመሩት ሴቶች ናቸው። በአንድ ጠዋት በአማርኛ የታዘዘውን ምግብ በኦሮምኛ ለወጥ ቤት ተናግረው፣ ሂሳቡን በአፋርኛ የሚቀበሉ አስተናጋጆች ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ከሚቀርበው ሁሉ ቀዳሚው ፉል ነው። ፉል በግብፅ፣ በሱዳንና በየመን የዕለት ቁርስ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያም በቀይ ባሕርና በሱዳን በኩል ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ገብቶ በከተሞች ሁሉ ተስፋፍቷል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ የሚፈልገው ግን ትዕግሥት ነው። ባቄላው ማታ ይታጠብና ይዘፈዘፋል። ሌሊቱን ወይም ከንጋቱ በፊት በትልቅ ድስት በቀስታ እሳት ይጣዳል፤ እሳቱ ከጠነከረ ቆዳው ይፈነዳል፣ ልቡ ግን አይበስልም። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው ፍል ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ ከተጨመረ ባቄላው ይደነድናል ይላሉ አብሳዮቹ። በደንብ የበሰለ ፉል በሁለት ጣት ሲጫኑት ይሟሟል።

ሲታዘዝ ከድስቱ ተጨልፎ በትንሽ መጥበሻ ይሞቃል፤ በጠርሙስ ወይም በብርጭቆ ቂጥ ግማሹ ይደቆሳል፣ ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይተዋል። የፉል ሠሪ ጥበብ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ጨርሶ የተፈጨ እንደ ሽሮ ይሆናል፣ ያልተነካው ደግሞ ንፍሮ ይሆናል። ጨው፣ ከሙንና ዘይት ይገባበታል። ከላይ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይነሰነሳል። «ኖርማል» የሚባለው ይኸው ነው። «ስፔሻል» የተባለ እንደሆነ የተመታ እንቁላል፣ ቅቤ፣ አንዳንዴም እርጎ ወይም አቮካዶ ይጨመርበታል። አስተናጋጇ ከዳሱ ሥር ሆና «ሁለት ስፔሻል፣ አንድ ኖርማል ቃሪያ ይብዛ!» ብላ ስትጣራ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ሌላ ማብራሪያ አትጠይቅም። ከትኩስ ዳቦ ጋር ይቀርባል፤ ሁለትና ሦስት ሆነው የመጡ ከአንድ ሳህን እየጠቀሱ ይበላሉ።

ፉል በዚህ መስመር የነገሠው ርካሽና አጥጋቢ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሙቀት አገር ምግብን ሳይበላሽ ማቆየት ከባድ ነው፤ መብራትም ይቆራረጣል። ከሌሊት ጀምሮ ከእሳት ላይ ያልወረደ፣ ሲንፈቀፈቅ የቆየ የባቄላ ድስት ግን ማቀዝቀዣ አይፈልግም። መንገደኛ በማያውቀው ከተማ ሲደርስ እሳት ላይ ያለውን ምግብ ቀዝቅዞ ከተቀመጠው አብልጦ ቢመርጥ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ሌላው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል፤ እሱም የሥጋ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም እያንዳንዱ በራሱ ሃይማኖት ሥርዓት የታረደ ሥጋ ብቻ የመብላት ልማድ አላቸው። ስለዚህም በየከተማው ሥጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት፣ አለዚያም «የሙስሊም ምግብ ቤት» በሚል ጽሑፍ ይለያል። አፋር የሙስሊም ሕዝብ አገር ነው፤ በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች ደግሞ ከደጋው የመጣ ብዙ ክርስቲያን ነጋዴ፣ ሠራተኛና ወታደር ይኖራል። አብረው የሚነዱ ሹፌርና ረዳት፣ አብረው የሚሠሩ ባልደረቦች ለምሳ ወይም ለእራት ጥብስ ያማራቸው እንደሆነ አንደኛው ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይገባሉ፤ ወይም አንደኛው ሥጋውን ይተዋል። ረፋድ ላይ ግን ይህ መለያየት የለም። ፉል፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ፈጢራ፣ ጨጨብሳ፣ ማርና ሻይ ቢላዋ ያልነካቸው ናቸው። ጥንቁቁ ሰው የሚጠይቀው መጥበሻው ሥጋ ተጠብሶበት እንደሆነ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያውቁ ቤቶች ለፉልና ለእንቁላል የተለየ መጥበሻ ያስቀምጣሉ። ከምሳ ይልቅ ረፋዱ የወዳጅነት ሰዓት የሆነው በዚህ ነው።

በጾም ቀንም ፉል ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ እንቁላሉንና ቅቤውን አስቀርቶ በዘይት ያዝዘዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሙስሊም ጓደኛው ከዚያው ድስት የወጣውን በእንቁላል ይበላል። በሥርዓቱ አጥብቆ የሚጾመው እስከ 9 ሰዓት እህል ስለማይቀምስ ረፋድ ላይ አይገኝም፤ መንገደኛና የጉልበት ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሉ። ለእነሱ ከፉል ሌላ የጾም ፍርፍርና ተጋቢኖ ሽሮ ይዘጋጃል።

ከፉል ቀጥሎ ብዙ የሚታዘዘው እንቁላል ነው፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ፍርፍር ሆኖ፣ በቲማቲም ስልስ ሆኖ፣ ወይም በዳቦ መሃል ሳንድዊች ሆኖ ይቀርባል። ከደጋ የመጣው ሰው ፍርፍር ይወዳል፤ የተረፈ እንጀራ በበርበሬ ቁሌት ተፈትፍቶ፣ ቢቻል ቅቤ ጠብ ብሎበት። ጨጨብሳም በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ ማር ፈሰስ ተደርጎበት ይመጣል። ቂንጬና ገንፎ እንደ አዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች በብዛት አይገኙም።

ፈጢራ ከምሥራቅ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ በኩል የወረደ ነው። የስንዴ ሊጥ በዘይት እየታሸ ወረቀት እስኪመስል ድረስ ተስቦ ይሳሳል፤ እንቁላል ይፈስበትና አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፎ በጠፍጣፋ ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ሲወርድ በቢላ ተቆራርጦ ማር ይፈስበታል። ጥሩ ፈጢራ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ይለሰልሳል። ሊጡን ያለ መዳመጫ በመዳፍና በአየር ላይ በመወርወር የሚያሳሱ ሠሪዎች ሥራ ቆሞ ሊያዩት የሚገባ ነው። ከፈጢራው ጎን ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ምስር ያለበት ለሁሉም ይሆናል።

ሥጋ በዚህ ሰዓት የሚበላው ከሌሊት ጉዞ የመጣው ነው። የሸለቆው ሥጋ የፍየል ነው፤ ፍየሉ ከአካባቢው አርብቶ አደሮች የሚገዛ ሲሆን፣ በግራርና በቁጥቋጦ ያደገ በመሆኑ ሥጋው ጮማ የሌለውና ጣዕሙ ጠንከር ያለ ነው። ማለዳ ይታረድና ዱለቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ቅቅሉ ይከተላል፣ ጥብሱ እስከ ምሳ ይቀጥላል። ቅቅሉ ከነመረቁ በሎሚና በቃሪያ ሲቀርብ ሌሊቱን ሲነዳ ላደረ ሰው ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው።

አንድ ሳህን ፉል የሸለቆውንና የአገሪቱን ካርታ በከፊል ይይዛል። ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ ባቄላ ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት፤ ባቄላው ግን የደጋ እህል ስለሆነ ከሸዋ፣ ከወሎና ከአርሲ ይወርዳል። ቀይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከራሱ ከአዋሽ ተፋሰስ ይመጣሉ፤ «አዳማ ሬድ» እና «ቦምቤ ሬድ» የተባሉት የሽንኩርት ዝርያዎች በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አማካይነት ለገበሬው የደረሱ ናቸው። የመርቲ የቲማቲም ድልህም የዚሁ ወንዝ ውሃ ያበቀለው ነው። ለሻዩ የሚሆነው ስኳር በአዋሽ ዳር መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ሲሆን፣ መተሐራና ከሰም ተከትለዋል። ጨዉ የሚመጣው ከአፋር ከራሱ፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ የአሰብ ጨው ከተቋረጠ ወዲህ የአገሪቱን የምግብ ጨው አብዛኛውን ድርሻ የሚሸፍነው አፍዴራ ነው። ከውጭ የሚገባው የምግብ ዘይት በዚያው መንገድ፣ ውጭ ቆመው በሚታዩት መኪናዎች ዓይነት ተጭኖ ከጅቡቲ ይመጣል። የሚነደው ከሰል ደግሞ ብዙ ጊዜ የፕሮሶፒስ ነው። ይህ እሾሃማ ዛፍ ከ1970ዎቹ ወዲህ በአሚባራ አካባቢ ተተክሎ ሳይታሰብ የግጦሹን መሬት የወረረ ሲሆን፣ አርብቶ አደሩን ክፉኛ ጎድቶታል፤ ከሰሉ ግን እሳቱ ጠንካራና ቶሎ የማይጠፋ በመሆኑ ገዢ አያጣም።

አዋሽ ራሱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ያለዚህ ወንዝ በዚህ ደረቅ አገር መስኖም፣ ስኳርም፣ እነዚህ ከተሞችም ባልኖሩ ነበር።

ከምግቡ በኋላ ሻይ ይመጣል። የመስመሩ ሻይ ስኳሩ የበዛ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት ነው፤ በወተት የሚፈልጉም ብዙ ናቸው። ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ የተቀላቀለበት ስፕሪስ በሹፌሮች ዘንድ ይወደዳል። ማሽን ያላቸው ቤቶች ማኪያቶ ያፈላሉ፤ በሌሎቹ ደጅ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ጀበናዋን ጥዳ የምትጠብቅ ቡና አፍዪ አለች። የጀበናው ቡና ጊዜ ላለው ነው፤ መንገድ የሚቸኩል አቦሉን ጠጥቶ ይነሳል። የግመል ወተት ደግሞ በምግብ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ዳር በጀሪካን ይሸጣል። ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ አትክልትና ፍራፍሬ በማይገኝበት በረሃ ለአርብቶ አደሩ ትልቅ ዋስትና የሆነውም ስለዚህ ነው። ለጉዞ የሚገዛው ሰው አፍልቶ ቢጠጣው ይበጃል።

የሻዩ ሰዓት የወሬም ሰዓት ነው፤ በአፋር ምድር ደግሞ ወሬ ሥርዓት አለው። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዳጉ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያየውን፣ የሰማውንና ከማን እንደሰማው በዝርዝር ይናገራል፣ ሌላው አዳምጦ በተራው የራሱን ይሰጣል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ ማን ታመመ፣ የት ግጭት ተነሳ የሚለው ሁሉ በዚህ መንገድ በበረሃው ከጫፍ ጫፍ ይደርሳል። የሰማውን አዛብቶ የሚያስተላልፍ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል፤ በባህሉም ይጠየቃል። የመንገድ ዳሩ ምግብ ቤት ለዳጉ የተሠራ አይደለም፤ ከሰሜንም ከደቡብም ሰው የሚመጣበት ስለሆነ ግን ይመቸዋል። ሹፌሮቹም የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል፦ ሚሌ ኬላ ላይ ያለው ሰልፍ፣ የተበላሸው የመንገድ ክፍል፣ ጋላፊ ላይ ያለው ወረፋ። ከሦስት ጠረጴዛ የተሰማ የመንገድ ወሬ ለተጓዡ ከምግቡ ያላነሰ ጥቅም አለው።

ወደ ሰሜን በተወረደ ቁጥር ማዕዱ ይለወጣል። ሚሌ የባቲና የኮምቦልቻ መንገድ መገናኛ ስለሆነች የወሎ ፍርፍርና ቅቤ እስከዚያ ይደርሳል። ሎጊያ ላይ ሩዝና ፓስታ ረፋድ ላይም ይታዘዛሉ፤ ሱጎው የፍየል ሥጋ ነው። በመሬት ውስጥ በተተከለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚበስለው የአፋር ቂጣ፣ ሙፎ፣ ከወተትና ከቅቤ ጋር የሚበላው በዚህ አካባቢ ነው። ከጀርባው ተሰንጥቆ ተዘርግቶ በምድጃ የሚጠበሰው የየመን ዓይነት ዓሣ የጅቡቲ ምግብ ሲሆን፣ በመስመሩ ሰሜናዊ ጫፍ ፈላጊ አለው።

ሰመራ ከነዚህ ከተሞች በባሕርይዋ ትለያለች። የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚህ ሲዛወር በመንገዱ ዳር ከሜዳ ላይ የተመሠረተች ናት፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ረፋድ ላይ የሚበሉት በብዛት የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ናቸው። ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል የሚሄዱ ጎብኚዎችም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጉዟቸውን በብዛት የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በሰመራ ቁርስ ቤት ሰው ወንበሩ ላይ ቆየት ይላል፤ ወረቀት ይፈርማል፣ ጉዳይ ይጨርሳል። በሎጊያና በአዋሽ አርባ ግን መኪናው ሳይቀዘቅዝ መነሳት አለ።

ሂሳብ የሚጠየቀው በእጅ ጭብጨባ ወይም አስተናጋጇን በዓይን በመጥራት ነው። አብረው የበሉ ሰዎች «እኔ ልክፈል» «የለም፣ እኔ ነኝ» ተባብለው አንዱ ይከፍላል፤ በየፊናው መክፈል በወዳጆች መካከል አይወደድም። በሹፌርና በረዳት መካከል ሁልጊዜ የሚከፍለው ሹፌሩ ነው፤ ረዳቱን ማብላት ከሥራው ወግ የሚቆጠር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ቤቶች የስልክ ክፍያ ይቀበላሉ። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ግን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይመከራል።

ሰዓቱ ከወቅት ጋር ይንቀሳቀሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ሰው አርፍዶ ይመጣል፣ ፉሉም እስከ 6 ሰዓት ይገኛል። በሰኔና በሐምሌ ንዳድ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር ሞልቶ 4 ሰዓት ላይ ድስቱ ይጠናቀቃል። በረመዳን ወር የሙስሊም ምግብ ቤቶች ቀኑን ይዘጋሉ፤ እስልምና ለመንገደኛ ጾሙን ለሌላ ጊዜ እንዲያስተላልፍ ስለሚፈቅድ፣ አንዳንዶቹ መጋረጃ ጋርደው መንገደኞችን ብቻ ያስተናግዳሉ። የቀረው ሰው ፉሉን የሚበላው ምሽት ላይ ከኢፍጣር በኋላ፣ ወይም ሌሊት ለሱሑር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ባቄላው የሚዘፈዘፈው ማለዳ፣ የሚጣደው ደግሞ ከቀትር በኋላ ይሆናል።